አሮጌ መኪና ላይ ኤሲ መግጠም በሀዋሳ ከፍታ

በሀዋሳ ከተማ ጋራዦች ውስጥ ከፋብሪካ ሲወጡ የአየር ማቀዝቀዣ ያልነበራቸው፣ ወይም የነበራቸው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ያስቆጠረ፣ ባለቤቶቻቸው ግን ሞተራቸውን አሳድሰው፣ ላሜራቸውን አስቀጥቅጠውና ቀለም አስቀብተው እንደገና ወደ መንገድ የሚያወጧቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ዲኤክስ እየተባለ የሚጠራው አሮጌ የቶዮታ ኮሮላ፣ ቮልስ የሚባለው ቮልስዋገን እና በርካታ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ከእነዚህ ይመደባሉ። በዚህ ዝግጅት የሚቀርበው ትምህርት እንዲህ ባለ እንደ አዲስ በተሠራ መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ አጠራሩ ኤሲ፣ እንዴት እንደሚገጠም የሚያስረዳ ሲሆን፣ በተለይ ደግሞ ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቷ በሥራው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ይመለከታል።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ ሊነሣ የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በእጅ ያለችው የቤንዚን መኪና ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ የምታወጣ፣ ከመለወጥ ይልቅ የምትታደስ ንብረት ሆናለች፤ መኪናውን ለተጨማሪ ብዙ ዓመታት ለመንዳት የሚያስብ ባለቤትም ቀድሞ እንደ ቅንጦት ይመለከታቸው የነበሩትን ነገሮች ማሟላት ቢፈልግ የሚያስገርም አይሆንም።

አሮጌ መኪናን ፈታትቶ በአዲስ መልክ መሥራት በሌላው ዓለም የራሱ ታሪክ ያለው ሙያ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን በርካሽ እየገዙ፣ ክብደታቸውን እየቀነሱና የሞተራቸውን ጉልበት እየጨመሩ የሠሯቸው መኪኖች ሆት ሮድ የሚል መጠሪያ አግኝተዋል። እነዚህ መኪኖች መጀመሪያ ለፍጥነት ብቻ የታሰቡ በመሆናቸው የተሳፋሪው ምቾት ግምት ውስጥ አልገባም ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ረጅም መንገድ ሊጓዙባቸው ሲፈልጉ ግን የሙቀቱ ጉዳይ በመነሣቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቴክሳስ የተመሠረተውን ቪንቴጅ ኤርን የመሰሉ ኩባንያዎች ለአሮጌ መኪኖች የሚስማማ የተሟላ የኤሲ ዕቃ ማቅረብ ጀመሩ። በሀዋሳ ሁኔታው የተለየ ነው። ዕቃው በአንድ ካርቶን ተሟልቶ ስለማይመጣ ኮምፕሬሰሩ ከአንድ ዓይነት መኪና፣ ኮንደንሰሩ ከሌላ ይወሰዳል፤ ሲቸግርም አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ተሂዶ ይፈለጋል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበን ዕቃ አስማምቶ የሚገጥም ባለሙያ የተዘጋጀ መመሪያ ስለማይኖረው፣ የእያንዳንዱን ክፍል አሠራር ከመሠረቱ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ኤሲ የሚሠራው ሥራ ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ አንሥቶ ውጭ መጣል ነው። ይህን የሚያደርገው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ በዙሪያው ካለው ነገር ሙቀት የሚወስድ በመሆኑ ሲሆን፣ በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ በቀትር እንኳ የሚቀዘቅዘው በእንስራው ገላ በኩል የሚሰርገው ርጥበት እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ እንደሆነ ሁሉ፣ በኤሲውም ውስጥ የሚከናወነው ይኸው ነው። ልዩነቱ እንስራው የተነነውን ውኃ መልሶ አለማግኘቱ፣ ኤሲው ግን የተነነውን ጋዝ ይዞ፣ ሙቀቱን አራግፎለት፣ እንደገና ፈሳሽ አድርጎ በዝግ መስመር ውስጥ የሚያዞረው መሆኑ ነው።

ዙሩ የሚጀምረው በሞተሩ ቺንጊያ እየተሽከረከረ ጋዙን አምቆ ከሚገፋው ኮምፕሬሰር ነው። የታመቀው ጋዝ ግፊቱም ሙቀቱም ጨምሮ ከራዲያተሩ ፊት ወደሚቀመጠው ኮንደንሰር ይገባና፣ በላዩ በሚያልፈው የውጭ አየር ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ርጥበትንና ቆሻሻን በሚያስቀረው ድራየር አልፎ፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ተጨንቆ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ግፊቱ የወረደው ፈሳሽ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ በኢቫፖሬተሩ ላይ ቬንትሌተር ከሚነፋው አየር ሙቀቱን ይወስዳል። አር 134ኤ በተባለው በአሁኑ ጊዜ በስፋት በሚሠራበት ጋዝ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሲሆን፣ በኮንደንሰሩ በኩል ግን ከ50 ዲግሪ ይበልጣል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሊታወሱ ይገባል፤ ጋዙ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሊሰጥ የሚችለው ከውጭው አየር የበለጠ ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ፣ ውጭው በሞቀ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ይበልጥ ይደክማል።

በመኪና ላይ ኤሲ መግጠም በፋብሪካ ደረጃ የተጀመረው በአሜሪካው ፓካርድ ሲሆን፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ያሳየው መኪና ኢቫፖሬተሩ ከኋላ በሻንጣ ማስቀመጫው በኩል የተቀመጠ፣ ኮምፕሬሰሩም የራሱ ፍሪሲዮን ያልነበረው በመሆኑ ነጂው ኤሲውን ለማጥፋት ሞተሩን አቁሞ ቺንጊያውን መፍታት ነበረበት። ዛሬ ኮምፕሬሰሩ አፍንጫ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚያዝና የሚለቅ ማግኔታዊ ፍሪሲዮን ይህን ችግር አስቀርቷል። የሚሞላው ጋዝም ተለውጧል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በሁሉም መኪኖች ይሠራበት የነበረው አር 12፣ በተለምዶ ፍሪዮን የሚባለው፣ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያጠፋ በመረጋገጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 በተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት ወጥቶ በቦታው አር 134ኤ ተተክቷል። አዲሱ ጋዝ ኦዞንን አይነካም፤ ሆኖም ወደ አየር ሲለቀቅ በክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ምድርን የማሞቅ አቅም ስላለው፣ ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ በምንም ምክንያት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ለአሮጌ መኪና ባለቤት ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ተግባራዊ ቁም ነገር፣ ዲኤክሱ ከጃፓን ሲመጣ ኤሲ የነበረው ከሆነ ያ ኤሲ የተሠራው ለአር 12 መሆኑ፣ ጎማ ቱቦዎቹም ሆኑ በውስጡ ያለው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር የማይስማሙ መሆናቸው ነው። የቀድሞው ማዕድናዊ ዘይት በአር 134ኤ ውስጥ ስለማይሟሟ ከጋዙ ጋር ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ አያለሰልሰውም፤ የቀድሞው ቱቦም አዲሱን ጋዝ ቀስ በቀስ በገላው በኩል ያሾልካል።

ከፍታ በዚህ ሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በሰፊው ሊታይ ይገባዋል። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በሀዋሳ ከፍታ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ አየሩ በዚያው መጠን፣ ማለትም በ18 በመቶ ያህል፣ ይሳሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚስበው አየር በመሳሳቱ ጉልበቱ በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀንስ፣ በባሕር ወለል ላይ 60 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ 1.3 ሊትር የኮሮላ ሞተር በሀዋሳ የሚያወጣው 50 ገደማ ነው። ኮምፕሬሰሩ ግን ጋዙ በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር በመሆኑ የአየሩ መሳሳት አያቀልለውም፤ በባሕር ወለል ላይ ሦስት ወይም አራት የፈረስ ጉልበት የሚፈልግ ኮምፕሬሰር እዚህም ያንኑ ይፈልጋል። ሞተሩ በአነስተኛ ዙር ቆሞ ሲሠራ ኤሲው ሲበራ የሚንቀጠቀጠው ወይም የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ኤሲው ሲበራ ካርቡሬተሩን በጥቂቱ የሚከፍት በቫኪዩም የሚሠራ ማንሻ መግጠም በሀዋሳ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን የሥራው አካል ነው።

የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚያልፈው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ በሀዋሳ ያነሰ ሙቀት ስለሚወስድ፣ ለመኪናው ከሚበቃው ኮንደንሰር ከፍ ያለ፣ የፊት ግሪሉ ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ሰፊ የሆነ መምረጥ ይመከራል። በዚህ ላይ በሀዋሳ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ከሆነ የመፍያው ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ክዳኑ ከላላ ወይም ጎማው ካረጀ ግን ራዲያተሩ በኮንደንሰሩ የሞቀ አየር እየተቀበለ፣ አቀበት ላይ በ94 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። ኤሲ ከተገጠመላቸው በኋላ ሞተራቸው የሚግል አሮጌ መኪኖች ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በኤሲው ይላከካል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ የተደፈነ ራዲያተርና የላላ ክዳን መኖሩን ኤሲው አጋለጠ እንጂ አላመጣውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለራዲያተሩ መዋል አለበት።

ከራዲያተሩ ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን ሙቀት መቀነስ ነው። ሀዋሳ በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ልክ ከአናት ላይ ትቆማለች፤ የመጀመሪያው ጊዜ ደግሞ ከተማዋ ከሁሉም በላይ ከምትሞቅባቸው ወራት ጋር ይገጣጠማል። ፀሐይ ከአናት ስትሆን በጠራ ቀን በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኃይል የሚያርፍ ሲሆን፣ በአነስተኛ አውቶሞቢል ላይ ይህን በቀጥታ የሚቀበለው ከመስኮቱ ይልቅ ጣሪያው ነው። የተሳፋሪው ገላም ሙቀት ያመነጫል፤ ተቀምጦ ያለ አንድ ሰው ወደ 100 ዋት፣ አምስት ሰዎች 500 ዋት። ከሞተሩ በሚለየው ግድግዳ በኩል የሚገባው ሙቀትም ሲታከልበት የአንድ አነስተኛ ኤሲ አቅም፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ኪሎ ዋት ያህል፣ በቀላሉ ያልቃል።

መኪናው ቀለም ለመቀባት በተፈታበትና የጣሪያው ጨርቅ በወረደበት ጊዜ በጣሪያው ላሜራ ሥር ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ መለጠፍ፣ በወለሉና በሞተሩ ግድግዳ ላይም እንዲሁ ማድረግ፣ የሽቦና የኬብል መተላለፊያ ቀዳዳዎችን ሁሉ በጎማ መድፈን እጅግ ርካሽ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጣሪያው ነጭ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም እንዲቀባ ማድረግም ከዚሁ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ የተገጠመ ትልቅ ኮምፕሬሰር፣ ይህ ተደርጎ ከተገጠመ መካከለኛ ኮምፕሬሰር ያነሰ ምቾት ይሰጣል፤ ቤንዚንም የበለጠ ይበላል።

ወደ ዕቃ መረጣ ሲመጣ፣ ያገለገለ ኮምፕሬሰር መግዛት የተለመደ ስለሆነ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ይጠቅማል። ቀዳዳዎቹ በክዳን ተደፍነው የተቀመጠ ኮምፕሬሰር፣ ቀዳዳው ተከፍቶ አቧራና ርጥበት ሲጠጣ ከከረመው ይመረጣል። ፑሌው ከፍሪሲዮኑ ሳህን ጋር በእጅ ሲዞር ያለ መንገጫገጭ፣ እኩል በሆነ ክብደት መዞር አለበት። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ተዘቅዝቆ ዘይቱ በነጭ ሳህን ላይ ይንጠባጠባል፤ ዘይቱ ንጹሕና የሚያስተላልፍ ከሆነ መልካም ነው፤ ከጠቆረ ወይም ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ግን የውስጡ ብረት መፋቅ ስለጀመረ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ሊገዛ አይገባም፤ ብናኙ በመስመሩ ሁሉ ተሰራጭቶ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ይደፍናልና። ሳንደን የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሚሠራው 508 የሚባል ባለ አምስት ፒስተን ኮምፕሬሰር በአንድ ዙር 138 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ የሚያምቅ ሲሆን፣ በብዙ ዓይነት መኪናዎች ላይ ስለተገጠመና ከተለያየ አቅጣጫ በብሎን የሚታሰርበት ጆሮ ስላለው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ተስማሚ ነው። ድራየሩና የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበቶቹ ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለባቸው፤ ክፍት ሆኖ የቆየ ድራየር ከአየሩ ርጥበት ጠጥቶ ስለጠገበ መግጠሙ ትርጉም የለውም።

ኮምፕሬሰሩ የሚታሰርበት ማቀፊያ የመበየጃ ሥራ የሚጠይቅ ነው። ማቀፊያው ከስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ተቆርጦ ሞተሩ ራሱ ላይ መታሰር ይኖርበታል፤ ከመኪናው ገላ ጋር ከታሰረ ሞተሩ በላስቲክ ማረፊያው ላይ ሲናወጥ ቺንጊያው ይዘልላል። የኮምፕሬሰሩ ፑሌ ከሞተሩ ፑሌ ጋር በአንድ መስመር ላይ መዋሉ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፊት ላይ አስደግፎ ይረጋገጣል፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር የበለጠ መዛነፍ ቺንጊያውን ጠዋት ማታ የሚያስጮህና በአጭር ጊዜ የሚበጥስ ጥፋት ነው። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎንና ጎኑ በላስቲክ ተደፍኖ ይቀመጣል፤ ካልተደፈነ አየሩ በኮንደንሰሩ መሐል ከማለፍ ይልቅ በጎን ያመልጣል። ከፊቱ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ይጨመርለታል፤ መኪናው በመናኸሪያ አካባቢ ባለው መጨናነቅ ከባጃጆች መካከል ሲቆም አየር የሚያሳልፍለት ሌላ ነገር የለምና።

የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን አራት አምፔር፣ የውስጡ ቬንትሌተር እስከ 15፣ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተርም እንዲሁ እስከ 15 አምፔር ሊስቡ ይችላሉ፤ የፊት መብራት ሲታከል ድምሩ ከ40 አምፔር ያልፋል። የአሮጌ መኪና ዲናሞ ይህን መሸከም ስለማይችል ነጂው ማታ በኤሲ ሲጓዝ ባትሪው ቀስ በቀስ ይሟጠጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ 60 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ይተካል። ለእያንዳንዱ ቬንትሌተር የራሱ ፊውዝና ሪሌ፣ ማለትም በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከፍተኛውን የሚያስተላልፍ ማብሪያ፣ ሊኖረው ይገባል። በቀጭን ሽቦ ከመኪናው የቀድሞ ማብሪያ ላይ ተቀጥሎ የተሠራ ኤሲ ዳሽቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ግፊት ሲበዛም ሲያንስም ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ የግፊት ማብሪያ በመስመሩ ላይ መግጠምም ግዴታ ተደርጎ መወሰድ አለበት።

ቮልስ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ፈተና ነው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር የሚለጠፍበት ራዲያተር የለውም፤ ኮንደንሰሩ ከፊት ቢቀመጥ ቱቦው በመኪናው ርዝመት ሁሉ መዘርጋት ይኖርበታል፤ በሞተሩ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ ያራገፈውን ሙቅ አየር ሞተሩ መልሶ ይስባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሻጮች ለቮልስ የተዘጋጀ ኤሲ ይገጥሙ ስለነበር ሥራው የማይቻል አይደለም። ይሁንና 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1,200 ሞተር በሀዋሳ ከፍታ 28 ገደማ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ከዚያ ላይ አራቱን ለኮምፕሬሰሩ መስጠት አቀበት ላይ ምን እንደሚያስከትል ሲታሰብ፣ ባለ 1,200 ሞተር ላለው ቮልስ ኤሲ ከመግጠም የጣሪያ መከላከያና የሚከፈቱ የጎን መስታወቶች የተሻለ ምርጫ ናቸው። በድሮዎቹ ባለ ስድስት ቮልት ቮልሶች ላይማ መጀመሪያ መላው ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት ሳይለወጥ ነገሩ መታሰብም የለበትም።

መስመሩ ከተገጠመ በኋላ ጋዝ ከመሙላት በፊት ሁለት ሥራዎች አሉ፤ አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው እነዚህን ከመዝለል ነው። መጀመሪያ ደረቅ ናይትሮጅን በመሙላት መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። በዚህ ሥራ ላይ የብየዳ ኦክስጅን መጠቀም ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ስለሚፈነዳ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ በመስመሩ ውስጥ ያለው አየርና ርጥበት ተስቦ ይወጣል። ርጥበቱ የሚወጣው ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውኃ በክፍል ሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ውኃ የሚፈላው ግፊቱ ወደ 3 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ ሲሆን፣ ይህ ካልተሟላ የቀረው ጠብታ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፤ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶም አሲድ በመፍጠር ብረቱን ይበላል።

ከፍታው የሚያሳስተው በዚህ ቦታ ነው። ተራው የቫኪዩም ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ በባሕር ወለል ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር 30 ኢንች ሜርኩሪ የሚጠጋ ሲያነብ፣ በሀዋሳ የቱንም ያህል ጥሩ ፓምፕ ቢሠራ መርፌው 24 ተኩል እንኳ አይደርስም። በድሬዳዋ 26 ገደማ ላይ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 22 ተኩል አካባቢ ይቆማል። የፋብሪካ መመሪያው 29 እንዲደርስ የሚል ስለሆነ፣ መመሪያውን አምኖ የሚሠራ ባለሙያ መርፌው 24 ላይ ሲቆም መስመሩ ያፈሳል ብሎ ደህናውን መጋጠሚያ መፍታት ይጀምራል፤ ከዚያ የባሰው ግን የሌላኛው ስሕተት ነው፦ መርፌው 21 ላይ የቆመበት መስመር ውስጥ ሦስት ኢንች ሜርኩሪ የሚያህል አየርና እንፋሎት እንዳለ ሳይታወቅ ጋዝ ይሞላበታል። ውኃን የሚያፈላው 3 ኪሎ ፓስካል በሀዋሳ ጌጅ ላይ 23 ተኩል አካባቢ የሚነበብ በመሆኑ፣ መርፌው ከዚህ አልፎ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት፣ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም አለመመለስ ይኖርበታል። ከውጭው አየር ጋር ሳያነጻጽር ፍጹም ግፊትን የሚለካ ዲጂታል መለኪያ መግዛት የሚችል ጋራዥ ከዚህ ስሌት ይገላገላል።

ጋዙ ከተሞላ በኋላም ልዩነቱ ይቀጥላል። በኢቫፖሬተሩ ውስጥ አር 134ኤ በዜሮ ዲግሪ ሲተን በባሕር ወለል ላይ ያለው፣ የዝቅተኛውን ግፊት መስመር የሚለካው ሰማያዊው ጌጅ 28 ፒኤስአይ ገደማ ሲያነብ፣ ያው ጋዝ በዚያው ሙቀት በሀዋሳ ወደ 30 ተኩል ይሰጣል። ቁጥሩ ከመመሪያው ከፍ ስላለ ጋዝ በዝቷል ብሎ የሚያጎድል ባለሙያ ትክክለኛውን ያበላሻል። ይህን ማስተካከያ የያዘ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ለሀዋሳ፣ ለሻሸመኔ፣ ለዲላና ለአርባ ምንጭ ተለይቶ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቢዘጋጅና በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የሚያስፈልገው ወጪ ኢምንት ሆኖ ለሙያው የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነበር።

ከሁሉም በላይ አስተማማኙ ጋዝን በሚዛን መሙላት ነው። ዲኤክስን ለመሰለ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም የሚበቃ ሲሆን፣ የተለያየ መኪና ዕቃ በተጣመረበት መስመር ላይ ከዝቅተኛው ተነሥቶ የመሐል መተንፈሻውን ሙቀት እየለኩ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይሻላል። ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ጋዝ ይሞላልኝ ብሎ መጠየቅ በተጠቃሚው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ያለ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ከጎደለ የሄደበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን በየጥቂት ወሩ የሚሞላ ጋራዥ የደንበኛውን ገንዘብ ከማባከኑ በላይ ከባቢ አየሩን ይጎዳል። የሚሞላ ባለሙያ መነጽርና ጓንት ማድረግ ይኖርበታል፤ ፈሳሹ በሀዋሳ ግፊት ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ዓይን ወይም ጣት ላይ ቢረጭ ወዲያውኑ ያቆስላል። በአር 134ኤ ቦታ የማብሰያ ቡታ ጋዝ መሙላት በቴክኒክ ቢያቀዘቅዝም፣ ጋዙ በተሳፋሪዎች ፊት ባለው ኢቫፖሬተር ቢያፈስ የእሳት አደጋ ስለሆነ በማንኛውም ዋጋ መሞከር የለበትም።

ሥራው መጠናቀቁ የሚረጋገጠው በቴርሞሜትር ነው። የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ በሆነበት ቀትር፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር እየዞረ፣ በሮቹ ተዘግተው ከመሐል መተንፈሻው የሚወጣው አየር ከአሥር ደቂቃ በኋላ 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ለአሮጌ መኪና ጥሩ ውጤት ነው። በዚያው ጊዜ ከመኪናው ሥር ውኃ መንጠባጠቡ የኢቫፖሬተሩ ጠል በቱቦው እየወረደ መሆኑን ያሳያል፤ ውኃው ከመኪናው ውጭ መፍሰሱን ትቶ ወለሉን ካረጠበ ግን ቱቦው ተደፍኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። የኮንደንሰሩን ክንፎች አቧራና ነፍሳት ስለሚደፍኗቸው ከወር ወር በዝግታ በሚፈስ ውኃ ከኋላ ወደ ፊት ማጠብ ይገባል፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። በክረምት ወራት ኤሲው ሳይበራ መክረሙ ደግሞ በኮምፕሬሰሩ አንገት ላይ ያለውን ዘይት የሚቋጥር ጎማ ስለሚያደርቀው ጋዙ በዚያ በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ቅዝቃዜ ውስጥም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ኤሲውን ማብራት ያስፈልጋል።